የዓይን ነርቭ መጎዳቱን ለማወቅ የቱን ምርመራ ልምረጥ? ግፊት፣ ፎቶ፣ ኦሲቲ ወይስ ፊልድ

ሰሞኑን ዘመድ ሲደውልልኝ ጥያቄው አንድ ሆኗል፣ "ኦሲቲ ላሰራ ወይስ ፎቶው ይበቃኛል?" (ኦሲቲ የነርቩን ክሮች ውፍረት በብርሃን ሚለካ ማሽን ነው፣ ፊልድ ደሞ የእይታን ስፋት ሚፈትሽ ምርመራ።) እኔ ኦፕቶሜትሪስት፣ የዓይን መርማሪ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ውስጥ ሳይ ነው ምውለው፣ እና መልሴ ሁሌ በጥያቄ ነው ሚጀምረው፣ ምን ተጠርጥሮ ነው? ምክንያቱም እነዚህ ምርመራዎች እንደ ስልክ ውድ የሆነው ይሻላል ሚባሉ ነገሮች አደሉም፣ አንዱ ሚያሳየውን ሌላው ጭራሽ ላያሳይ ይችላል።

አክስቴን ላንሳ፣ ፈቅዳልኛለች፣ እንዳውም ጻፈው ያለችኝ ራሷ ናት። ለአመታት መነጽር በቀየረች ቁጥር የዓይን ግፊት ትለካለች፣ 16፣ 15፣ 17፣ "ኖርማል ነው እማማ" ተብላ ትመለሳለች። ቤት ውስጥ ደሞ የቁም ሳጥን በር ተከፍቶ ከቆየ ግንባሯን ይመታታል፣ እኛም እርጅና ነው እያልን እንስቅባት ነበር። አንድ ቀን ብሌኗ በጠብታ ተከፍቶ ነርቩ ሲታይ የሁለቱም ዓይን ነርቭ የታችኛው ጠርዝ ተበልቷል፣ የግራው ብሶ። ዓይን ውስጥ ምስል ተገልብጦ ስለሆነ ሚያርፈው የታችኛው ጠርዝ ሲሞት ሚጠፋው የላይኛው እይታ ነው፣ የሳጥኑ በር ነገር ያን ቀን ገባን። ግፊቷን ስንት ሰው ለክቶታል፣ ነርቩን ግን እስከዛ ቀን ያየው ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያ ነርቩ ላይ ምን እንደሚታይ ልናገር፣ ይሄን ሳታውቁ ምርጫው አይገባችሁም። የዓይን ነርቭ 1 ሚሊዮን ገደማ ክሮች ያሉት ገመድ ነው፣ ክሮቹ ከሬቲና (ከዓይን ጀርባ ብርሃን ተቀባዩ ሽፋን) ከየአቅጣጫው ተሰብስበው በአንዲት ክብ በር ወደ አንጎል ይወጣሉ፣ እቺን በር ነው ዲስክ ምንላት፣ ስፋቷ 1 ሚሊሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ቦምቦሊኖ አስቡ። ሊጡ ክሮቹ ናቸው፣ መሀል ላይ ያለው ቀዳዳ ካፕ ይባላል። ደህና ነርቭ ላይ ሊጡ ወፍራም፣ መልኩ ወደ ብርቱካን ሚያደላ ሮዝ፣ ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ሪፖርታችሁ ላይ "ሲዲ ሬሾ 0.3" ሚል ካያችሁ ቀዳዳው ከጠቅላላው ቁመት 3 አስረኛውን ይዟል ማለት ነው። ግላኮማ ሚባለው ነርቭ ገዳይ በሽታ ሊጡን ከውስጥ እየበላ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ 0.6 ከዛ 0.7 ከዛ 0.9 እያለ ይሄዳል፣ ሰውየው ደሞ ምንም አይሰማውም፣ አያመውም፣ አያቀላውም።

ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ መደንገጥ አያስፈልግም። የአፍሪካ ዘር ያለን ሰዎች ዲስካችን በአማካይ ተለቅ ይላል፣ ትልቅ ቦምቦሊኖ ትልቅ ቀዳዳ ቢኖረው ሊጡ አነሰ ማለት አደለም፣ 0.6 ሆኖ እድሜ ልኩን ምንም ማይሆን ሰው ሞልቷል። እኔን ከቁጥሩ ይልቅ ሚያሳስቡኝ ሌሎች ናቸው። አንደኛው የሁለቱ ዓይን ልዩነት ነው፣ ቀኙ 0.3 ግራው 0.6 ከሆነ ወንድማማቾቹ ተለያይተዋል፣ ከ0.2 በላይ ልዩነት ያጠራጥራል። ሌላው ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተነክሶ እንደተቆረሰ መሆኑ ነው፣ በተለይ ከታች ወይም ከላይ፣ ምክንያቱም በደህና ነርቭ የታችኛው ጠርዝ ነው ከሁሉም ወፍራሙ፣ ከዛ የላይኛው፣ ከዛ በአፍንጫ በኩል ያለው፣ በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ቀጭኑ ነው፣ ይሄ ቅደም ተከተል ሲዛባ ልብ ማለት ነው። ደሞ ጠርዙ ላይ በቀይ እስኪርቢቶ ጫር እንደተደረገ ምታክል ቀጭን የደም ጭረት አለች፣ በሳምንታት ውስጥ ትጠፋለች ግን ካየናት ግላኮማው እየሄደ ነው ብለን እንጠረጥራለን። የክር ሽፋኑም አለ፣ ከዲስኩ ወጥቶ እንደ ሀር ክር ሚያበራው፣ ከሱ ውስጥ ሽንቁር ተሰንጥቆ ጠቆር ያለ መስመር ሲታይ ክሮቹ እዛ ጋ ሞተዋል።

ይሄ ሁሉ ግላኮማ ነው። ሊጡ እንዳለ ሆኖ መልኩ ሚነጣበትም አለ፣ ቀዳዳው ሳይሰፋ ጠርዙ ከገረጣ ሀሳባችን ከግላኮማ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ነርቩን ሚጫን እጢ፣ የቆየ ብግነት፣ መድሃኒት፣ እዚህ ጋ ኤምአርአይ ይመጣል። እንዲሁም ሊጡ አብጦ ዳሩ ሚደበዝዝበት አለ፣ ሁለቱም ዓይን ላይ ከሆነ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት መጨመሩን ሊናገር ይችላል፣ ያ ነገ ሚባል ነገር አደለም።

አሁን ወደ ምርጫው።

ግፊት መለካት ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፣ በየመነጽር ቤቱ አለ፣ አየር ፑፍ ሚያደርገውም ሰማያዊ መብራት ያለው ጎልድማን ሚባለው መለኪያም። የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ነገር ግን ግፊት ምክንያቱን እንጂ ጉዳቱን አይለካም። ጃፓን ታጂሚ ከተማ ላይ በተሰራው ትልቅ ጥናት ክፍት አንግል ሚባለው የግላኮማ አይነት ከተገኘባቸው ሰዎች 92 በመቶዎቹ ግፊታቸው 21 ወይም ከዛ በታች ነበር። በተቃራኒው ደሞ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ኦኤችቲኤስ ሚባለው ጥናት ግፊታቸው ከፍ ያለ ነርቫቸው ግን ገና ደህና የሆነ 1,636 ሰዎችን ሲከታተል መድሃኒት ካልወሰዱት ውስጥ በ5 አመት ግላኮማ የያዛቸው 9.5 በመቶ ብቻ ናቸው (የወሰዱት 4.4፣ ስለዚህ መድሃኒቱ ዋጋ የለውም እያልኩ አደለም)። ብቻ 16 ተብሎ እፎይ ማለትም 24 ተብሎ ለቅሶ መቀመጥም ልክ አደለም። እኛ ሀገር ደሞ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ላይ እንደ ፎረፎር ነጭ ብናኝ ሚቀመጥበት ሱዶኤክስፎሊዬሽን ሚባለው በሽታ በግላኮማ ክሊኒኮቻችን በብዛት ያጋጥማል፣ በዚህ ግፊቱ ከቀን ቀን፣ ከጠዋት ማታ ይዘላል፣ የዛሬው 17 ነገ 32 ሊሆን ይችላል።

ብሌን ከፍቶ በስሊት ላምፕ (አገጭ አስደግፎ ዓይን ሚታይበት ማይክሮስኮፕ) ማየት፣ እኔን ከጠየቃችሁ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ምመርጠው ይሄን ነው። ሀኪሙ 90 ወይም 78 ዲዮፕተር ሚባለውን ትንሽ ሌንስ ፊት ለፊታችሁ ይዞ በሁለት ዓይኑ ነው ሚያየው፣ በሁለት ዓይን ማየት ማለት ጥልቀት ማየት ማለት ነው፣ ቀዳዳው ምን ያህል እንደጎደጎደ ይገባዋል፣ መልኩንም ያያል፣ ደሙንም ያያል፣ እብጠቱንም ያያል፣ ሌንስ ላይ ያለውን ፎረፎርም ያያል። በእጅ ሚያዘው ቀጥታ ኦፍታልሞስኮፕ የሄልምሆልትዝ የ1851 ፈጠራ ልጅ ነው፣ እስከ 15 እጥፍ ያጎላል ግን ጠባብ ነው፣ በአንድ ዓይን ብቻ ስለሚታይበት ጥልቀት አይሰጥም፣ ሌላ በሌለበት ጤና ጣቢያ ግን ከምንም በላይ ነው። የጠብታው ችግር የታወቀ ነው፣ ትንሽ ያቃጥላል፣ ከ4 እስከ 6 ሰአት ቅርብ ነገር ብዥ ይላል፣ ፀሀይ ይወጋል፣ መንዳት የለም፣ ስለዚህ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ኮፍያም አትርሱ። ሌላው ችግሩ የሰው ዓይን ነው፣ በቀን 60 ሰው ያየ ሀኪም ያመልጠዋል።

ያመልጠዋል ስል በግምት አደለም። እዛው ኦኤችቲኤስ ላይ የደም ጭረቷ ከተገኘባቸው 128 ዓይኖች 107ቱ ላይ ሀኪሞቹ አላዩዋትም፣ የተገኘችው በኋላ ፎቶው ተረጋግቶ ሲመረመር ነው። እነዚህ ደሞ የግላኮማ ስፔሻሊስቶች ናቸው፣ ሰነፎች አደሉም። ለዚህ ነው ፈንደስ (የዓይን ጀርባ) ፎቶ ላይ ያለኝ አመለካከት የተለወጠው፣ በፊት "ጌጥ ነው" እል ነበር። ፎቶ ርካሽ ነው፣ ከ5 አመት በኋላ ጎን ለጎን ተደርጎ ይታያል፣ ማሽን ቢቀየር ሀኪም ቢቀየር ፎቶ ፎቶ ነው። ጉድለቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው፣ ጥልቀት የለውም፣ ሞራ ካለ ይደበዝዛል፣ መልክ ላይም አትመኑት፣ ፍላሹ ሲበዛ ደህናው ነርቭ የነጣ ይመስላል፣ ሞራ የወጣለት ሰውም ነርቩ ከበፊቱ ነጣ ብሎ ይታያል ምክንያቱም ቢጫው ሌንስ የለም። አሜሪካ ያላችሁ መነጽር ቤት ስትሄዱ "ጠብታ ወይስ ሰፊው ፎቶ" ተብላችሁ ታስመርጣላችሁ፣ ሰፊውን ምታነሳው ኦፕቶስ ምትባለዋ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ በቀይና አረንጓዴ ሌዘር ስለሆነ ምታነሳው ቀለሟ የእውነት ቀለም አደለም፣ ለሬቲና ዳርቻ ግሩም ናት፣ ለነርቭ መልክ ግን ጠብታውን አትተካም። ቤተሰባችሁ ውስጥ ግላኮማ ካለ ጠብታውን ምረጡ፣ ሰአት የለኝም ካላችሁ ቅዳሜ ሂዱ።

ኦሲቲ፣ እንግዲህ ሁሉም ሚጠይቀው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በጥናት የወጣው፣ ብርሃን ልኮ ተመልሶ ሲመጣ የሬቲናን ንብርብር በማይክሮን ይለካል። ዲስኩ ዙሪያ ያለው የክር ሽፋን ደህና ሰው ላይ በአማካይ ከ90 እስከ 100 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ያው የፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ሰው ዓይን ከማየቱ በፊት መሳሳቱን ይይዛል፣ ይሄ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ በተለይ ገና ጀማሪ ግላኮማ ላይ እና ከአመት አመት ለማነጻጸር።

ሰው ሚሳሳተው ቀለሙ ላይ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሲያይ የትራፊክ መብራት ይመስለዋል። ቀይ ማለት በሽታ ማለት አደለም፣ በእድሜያችሁ ካሉ ማሽኑ ውስጥ ከተቀመጡ ጤነኛ ሰዎች 99 በመቶው ከናንተ ይወፍራል ማለት ነው፣ ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ከሆኑ 100 ሰዎችም አንዱ ቀይ እንዲወጣበት ሆኖ ነው የተሰራው። ማነጻጸሪያዎቹ ደሞ ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ከፍተኛ ማይነስ መነጽር ያለው ሰው ዓይኑ ረጅም፣ ዲስኩ ያዘነበለ ስለሆነ ምንም ሳይሆን ቀይ በቀይ ሆኖ ይመጣል፣ እንዲህ ሆኖ ያለምክንያት የግላኮማ ጠብታ የተጀመረለት ሰው አይቻለሁ። ዓይን ከደረቀ ወይም ሞራ ካለ ሲግናሉ፣ ማለትም የምስሉ ጥራት ነጥብ፣ ይወርዳል፣ ሲረስ ሚባለው ማሽን ላይ ከ10 ከ6 በታች ከሆነ ፕሪንቱን ባትቀበሉት ይሻላል፣ ሰው ሰራሽ እንባ አድርጋችሁ እንደገና ይነሳ በሉ።

አረንጓዴውም ይዋሻል፣ እንዳውም የሱ ውሸት ይብሳል። ኦሲቲ ውፍረት እንጂ መልክ አያይም፣ ያበጠ ነርቭ ወፍራም ነው፣ ወፍራም ደሞ አረንጓዴ ነው። ነርቭ በብግነት በተመታ በመጀመሪያው ሳምንት ሽፋኑ ደህና ወይም ወፍራም ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ መሳሳቱ ሚታየው ከወራት በኋላ ነው። የደም ጭረቷንም አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም። ስለዚህ "ኦሲቲዬ አረንጓዴ ነው" ብሎ ብሌን ማስከፈት መተው፣ ከአክስቴ "ግፊቴ 16 ነው" በምን ይለያል?

ቪዥዋል ፊልድ ሰው ሁሉ ሚጠላው ነው፣ እኔም ራሴ ላይ ሰርቼው ጠልቼዋለሁ። ጎድጓዳ ሳህን መሰል ነገር ውስጥ አገጭ አስቀምጦ መሀል እያዩ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ መጫን፣ ሀምፍሪ ሚባለው ማሽን ላይ 24-2 ሚባለው 54 ነጥብ ይፈትሻል፣ ያንቀላፋል፣ ያበሳጫል። ግን ሌሎቹ ነርቩ ምን እንደሚመስል ሲነግሩን እሱ ብቻ ነው ሰውየው ምን እንደማያይ ሚነግረን። ጉድለቱ ይዘገያል፣ ሩብ ወይም ሲሶ ገደማ ክሮች እስኪሞቱ ድረስ ደህና ሊመስል ይችላል፣ ከዛ ደሞ የመጀመሪያው ጊዜ ውጤት ብዙም አይታመንም፣ ኦኤችቲኤስ ላይ ችግር አለ ብለው ከወጡ ፊልዶች 86 በመቶ ያህሉ ሲደገሙ ያ ችግር አልታየም። ስለዚህ አንድ ጥቁር ወረቀት ይዞ እንቅልፍ ማጣት የለም፣ ይደገም። ሌላው ጥቅሙ ችግሩ ዓይን ውስጥ ካልሆነ እሱን መጠቆሙ ነው፣ የግላኮማ ጉዳት በአግድም መስመር ይከፈላል፣ የሁለቱም ዓይን የውጭ ግማሽ በቁም መስመር ተከፍሎ ከጠፋ ግን ሀሳብ ከአንጎል ስር ወዳለችው ፒቱታሪ እጢ ይሄዳል።

ሁለት ርካሽ ነገሮች ደሞ አሉ ማንም ማይጠይቃቸው። አንዱ ባትሪ ነው፣ መብራቱን ከአንዱ ዓይን ወደሌላው እያመላለሱ ብሌኑን ማየት፣ ነርቩ የተጎዳው ዓይን ላይ መብራት ሲመጣ ብሌኑ በመጥበብ ፈንታ ይሰፋል፣ ሁለቱ እኩል ከተጎዱ ግን አይሰራም (ይሄ ከጠብታው በፊት ነው ሚሰራው፣ ከተከፈተ በኋላ ብሌን አይንቀሳቀስም)። ሌላው ቀይ ቀለም ነው፣ የብሌን መክፈቻ ጠብታው ክዳን ራሱ ቀይ ነው፣ እሱን በአንዱ ዓይን ከዛ በሌላው ሳሳይ "እዚ ጋ ደብዛዛ፣ የሸክላ መልክ ነው" ካለኝ ነርቩን እጠረጥራለሁ።

እንግዲህ ማን የቱን ይምረጥ።

ምንም ማይሰማችሁ፣ ከ40 በላይ የሆናችሁ፣ እናት አባት ወንድም እህት ግላኮማ ያለበት፣ ስሊት ላምፕ በጠብታ፣ ግፊት፣ እና አንድ ፎቶ ለማስታወሻ። ብር ከተረፈ ኦሲቲ፣ ካልተረፈ አትጨነቁ። እንግሊዝ ያላችሁ በዚህ ምክንያት ከ40 በላይ ከሆናችሁ የዓይን ምርመራው ነጻ ነው፣ አሜሪካ ሜዲኬር ያላቸው እናትና አባቶቻችሁም ቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ካለ ወይም ስኳር ካለባቸው በአመት አንዴ የግላኮማ ምርመራ ይሸፈንላቸዋል፣ ጠይቁ።

"ተጠርጣሪ ነህ" የተባላችሁ፣ እዚህ ጋ ኦሲቲም ፊልድም ያስፈልጋል፣ ወይ ይሄ ወይ ያ አደለም፣ የኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ውፍረትም ይለካ ምክንያቱም ቀጭን ኮርኒያ ግፊቱን አሳንሶ ያሳያል። ከዛ ክትትሉን እዛው ማሽን ላይ አድርጉ፣ አንድ አመት በሲረስ ሌላ አመት በስፔክትራሊስ የተነሳ ቁጥር አይነጻጸርም፣ ቦሌ ርካሽ አለ ተብሎ መዞር እዚህ ጋ ያከስራል።

ለረጅም ጊዜ ታክማችሁ ነርቩ በጣም የተጎዳ፣ ኦሲቲ ላይ አትክሰሩ። ሽፋኑ 50 ገደማ ማይክሮን ከደረሰ ወዲህ አይወርድም፣ የቀረው ደም ስርና ድጋፍ ስጋ ነው፣ በሽታው ቢሄድም ቁጥሩ ዝም ይላል። ፊልድ ይሻላል፣ እሱም መሀሉን በቅርበት ሚያየው 10-2።

የቲቢ መድሃኒት ላይ ያላችሁ፣ ከውስጡ ኢታምቡቶል ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በመጀመሪያ ነርቩ ፍጹም ደህና ይመስላል፣ ፎቶ አንስታችሁ "ደህና ነው" ብትባሉ ምንም ማለት አደለም። ሚይዘው የፊደል ሰሌዳውና የቀለም ነጥብ መጽሀፉ ነው፣ ስትጀምሩ አንዴ ተለኩ፣ ከዛ ማንበብ ካስቸገረ ወይም ቀለም ከደበዘዘ በዛው ቀን ለሰጣችሁ ጤና ተቋም ንገሩ፣ በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

ለአለርጂ እያላችሁ ለልጅ ዴክሳ ሚባለውን የስቴሮይድ ጠብታ ከፋርማሲ በተደጋጋሚ ምትገዙ፣ ኧረ በናታችሁ። ግፊት ያስነሳል፣ ነርቭ ይበላል፣ ልጁ ደሞ አይናገርም። ለዚህ ልጅ ግፊትም ነርቩም ይታይለት።

ራስ ምታት ኖሮ ከተቀመጡበት ሲነሱ ለሰከንዶች እይታ ጥቁር ሚልባችሁ፣ ወይም አንድ ዓይን በድንገት የጠፋባችሁ፣ ወይም እድሜ ከ50 በላይ ሆኖ ሲያኝኩ መንጋጋ እያመመ እይታ የቀነሰ፣ ወይም አረቄ ተጠጥቶ በማግስቱ ሁሉም ነገር ጭጋግ የሆነበት ሰው፣ ለነዚህ ንጽጽር የለም፣ መነጽር ቤት አትሂዱ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ምኒልክ፣ ጎንደርና ጅማም የዩኒቨርሲቲዎቹ የዓይን ክፍሎች አሉ።

እኛ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሄራዊ ጥናት ዓይነ ስውርነት 1.6 በመቶ ነበር፣ ግማሹ ገደማ በሞራ፣ 5.2 በመቶው በግላኮማ። ሞራው በኦፕራሲዮን ይመለሳል፣ የግላኮማው አይመለስም፣ ለዛ ነው በትንሿ ቁጥር ላይ ይሄን ያህል ምለፈልፈው።

ከየትም ስትወጡ ሁለት ነገር በወረቀት ይዛችሁ ውጡ፣ የሁለቱን ዓይን ሲዲ ሬሾ እና ፎቶውን ወይም ፕሪንቱን። "ደህና ነው" ሚል ቃል ለቀጣዩ ሀኪም አይጠቅመውም። አክስቴ አሁን የግላኮማ ጠብታዋን ማታ ማታ ታደርጋለች፣ ወረቀቶቿን በአንድ ፌስታል አድርጋ ፍራሽ ስር ነው ምታስቀምጠው፣ ወንድምና እህቶቿንም እንዲታዩ ደውላ ነግራቸዋለች። ከአራቱ ሁለቱ መጥተው ታይተዋል፣ አንዷ ላይ ጀማሪ ተገኘ፣ ሶስተኛዋ ከፋሲካ በኋላ ብላለች፣ ታላቅየው ግን "እኔ ጋዜጣ ያለ መነጽር ነው ማነበው" ብሎ እስካሁን አልመጣም።